ክላሪስ በጎንደር ዳገት፦ የአንዲት ርካሽ የኮርስ ብስክሌት ጉዳይ

ካርቶኑ የተከፈተው ጥቅምት ላይ ነው፣ በአንድ የሰፈሬ ልጅ ግቢ። ልጁ መምህር ነው። ውጭ አገር የሚኖር አጎቱ ለእረፍት ሲመጣ የኮርስ ብስክሌት ይዞለት መጣ። አራት ሆነን ከበብናት። ቴላዮዋ፣ ማለት ዋና አካሏ፣ አልሙኒየም፣ ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ። ባለቤቱ ላስቲኩን ልጦ ሳይጨርስ ከመሃላችን አንዱ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ማርሽ ቀያሪ አየ። "ክላሪስ" ይላል። ከንፈሩን መጠጠ።

"ቆንጆ ናት። ዕቃዋ ግን ርካሹ ነው።"

የመምህሩ ፊት ሲወርድ አየሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል በዚች ብስክሌት ተከራከርን። ተራ በተራ ነዳናት። አንዴም ሰበርናት። አራታችንም የተቀመጥነው እዚያው ኮርቻ ላይ ነው፤ ሲወርዱ ግን የአንዱ ወሬ ከሌላው አይገጥምም። ጉዳዩን ከስር ከመሠረቱ ልጻፈው ያልኩት ለዚህ ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ማርሽ መቀየሪያው፣ ፍሬኑ፣ የፔዳሉ ክንድ ከነጥርሱ፣ ካቴናውና የኋላው ካሴት (የተደራረቡት ባለጥርስ ክቦች) በአንድ ላይ ሲሸጡ ግሩፕሴት ይባላሉ። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1921 ጃፓን፣ ሳካይ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ለኮርስ የሚሠራውን ዕቃ በደረጃ ለይቶታል። ከታች ቱርኒ፣ ከዚያ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራ፣ ከሁሉ በላይ ዱራ ኤስ። ስለዚህ ክላሪስ ከታች ሁለተኛው ነው። የመምህሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አር2000 የተባለው ነው፤ ከፊት 2፣ ከኋላ 8 ክብ አለው፤ ባለ 8 የሚባለው ለዚህ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ። "የክላሪስ ብስክሌት" ሲባል ሁሉም ዕቃ ክላሪስ ነው ማለት አይደለም። ብስክሌት ሠሪዎች ዋጋ ለማውረድ ማርሹን ከአንዱ፣ ፍሬኑን ከሌላው፣ ካቴናውን ከሦስተኛው ይገጥማሉ። የዚችም ፍሬን የሌላ ኩባንያ ነበር። እኛ ግን ለሁለት ወር ያህል በፍሬኑ እየተናደድን ክላሪስን ስንሰድብ ከረምን።

አራት ሰው፣ አራት አፍ

ባለቤቱን አስቀድማለሁ። ያደገው ከባድ የቻይና ብስክሌት ላይ ነው። ለእሱ የሚገርመው እጀታው ነው። የቀኙ የፍሬን እጀታ ራሱ ወደ ውስጥ ሲገፋ የኋላውን ማርሽ ያቀልላል። ከጀርባው ያለችው ትንሽ ምላስ ስትነካ ደግሞ ያከብዳል። እጅ ከመሪው ሳይነሳ፣ መንገድ እያዩ ማርሽ ይቀየራል። ከዚህ በፊት በነበሩት ርካሽ እጀታዎች ላይ አንደኛው ሥራ በአውራ ጣት በምትነካ ቁልፍ ነበር የሚሠራው። መሪውን ከታች ይዞ ጎንበስ ያለ ሰው እሷን ለመንካት እጁን ማንሳት ነበረበት። አዲሱ ይህን ቀርፎታል። ካቦዎቹም፣ ማርሹንና ፍሬኑን የሚጎትቱት የብረት ገመዶች፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በአየር ላይ አይንዘላዘሉም፤ በመሪው ጥቅል ስር ገብተዋል። መምህሩ ሌላ ምን እንደሚፈለግ አይገባውም። እውነቱን ነው፤ ቀልጠፍ ያለ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ያ ከንፈሩን የመጠጠው ነው። በውድድር ይሳተፋል፤ ሲነጋጋ በአዘዞ መንገድ ላይ ነው የሚገኘው። ራሱ የሚነዳው ያረጀ ባለ 9 ሶራ ነው። ሲያዩት ትዕቢት ይመስላል እንጂ ቅሬታው ውሃ የሚቋጥር ነው። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ቆይተን የገጠምነው ካሴት ስምንት ክቦች የጥርስ ብዛታቸው 11፣ 13፣ 15፣ 18፣ 21፣ 24፣ 28፣ 32 ነው። ከ15 ወደ 18 ሲሄድ በመሃል ምንም የለም። የፊቱ ትልቁ ማርሽ 50 ጥርስ፣ የጎማው ዙሪያ ወደ 2.1 ሜትር ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በ15ቱ ላይ ፔዳሉን በደቂቃ 71 ጊዜ ማዞር አለብህ፤ በ18ቱ ላይ ደግሞ 86 ጊዜ። እሱ የሚፈልገው 80 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ አንዱ ይከብደዋል፣ ሌላው ያስሮጠዋል። በቡድን ተጠግቶ ለሚነዳ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እግሩ ምቱን ፍለጋ ሲባዝን ከፊቱ ያለው ሰው ያመልጠዋል።

ሦስተኛው ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ተወዳድረዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ብስክሌተኞች እንዳሰለፈች መጀመሪያ የሰማሁት ከሳቸው ነው፤ ከተሰለፉት የአንዱን፣ የገረመው ደንቦባን ስም ሲጠሩ ዛሬም ድምፃቸው ይቀየራል። በሳቸው ጊዜ የማርሹ ምላስ ቴላዮው ላይ ነበር። ቀጭ የሚል ነገር የለውም፤ በጣትና በጆሮ እየዳሰሱ ነው ቦታውን የሚያገኙት። "ያ አይሰበርም ነበር" ይላሉ። "ይሄ እጀታ ሆዱ ውስጥ እንደ ሰዓት ነው። ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል?" መልስ አላገኘንላቸውም። እውነትም የዚህ እጀታ ሆድ ለጥገና ተብሎ የተሠራ አይደለም።

የጋሼ ዋና ጉዳይ ግን ፍሬኑ ነበር። አንድ ጠዋት ከጎሃ ኮረብታ ወርደው ታች ጠበቁን። ፊታቸው ጠቁሯል። "ልጄ፣ ይሄ ፍሬን አይይዝም፣ ይለምናል" አሉት መምህሩን። ቸርኬው፣ ማለት የጎማው ብረት ቀለበት፣ ላይ የሚያርፈው የፍሬን ላስቲክ ደረቅ እንጨት ነበር የሚመስለው። ጎንደር ደግሞ የወጣህበትን ሁሉ የምትወርድባት ከተማ ናት። እኛ ስለ ማርሽ ስንጨቃጨቅ እሳቸው ስለ አጥንታችን ነበር የሚያስቡት። ለስለስ ያለ የፍሬን ላስቲክ ተገዝቶ ተቀየረ፣ ቸርኬው በሳሙና ታጠበ፣ አለቀ። በዓመቱ ከተደረገው ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው።

አራተኛው እኔ ነኝ። ክብደቴን አልናገርም። ማውንቴን ነው የምነዳው። ለእኔ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ይዛኝ ትወጣለች ወይ? ኅዳር ላይ ወለቃን አልፈን በኮሶዬ መንገድ ስንወጣ መልሱን አገኘሁ። አልወጣችም። ወርጄ ገፋኋት። ሁለት ሸክላ የሚሸጡ ልጆች እያዩኝ ሳቁ። ብስል ጥቁር ሸክላ ይዘው፣ ቀጥ ብለው፣ በእግራቸው አልፈውኝ ሄዱ።

ዳገቱ በቁጥር

የመጣችበት ካሴት ትልቁ ክብ 28 ጥርስ ነበረው። ከፊት ትንሹ 34 ነው። 34 ለ28 ሲካፈል 1.21 ይሆናል፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቷ 2.55 ሜትር ትሄዳለች። በደቂቃ 60 ዙር ለመጠበቅ በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አለብህ። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር በላይ ባለ አገር፣ ትንፋሽ ባጠረው ሰው ጉልበት ይሄ ቀልድ ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ዙሩም ይወርዳል፤ ዙሩ ሲወርድ ጉልበትህ መጮህ ይጀምራል።

ትልቁ ጥርስ 32 ሲሆን ግን አንድ ዙር 2.23 ሜትር ነው። በዚያው 60 ዙር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ይበቃል። አንድ ኪሎ ሜትር ምን አላት እንዳትሉ። ዳገት ላይ ተቀምጦ በመውጣትና ወርዶ በመግፋት መሃል ያለችው ያቺ ናት።

ታኅሣሥ ላይ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወደሚሠራ መካኒክ ወሰድናት። ዝምተኛ ሰው ነው፣ እጁ ግራሶ ያልነካበት ቀን የለም። አየት አድርጎ "ባለ 8 ነው? ችግር የለም" አለ። ከአንድ ማውንቴን የወጣ፣ ብዙም ያልተበላ ባለ 8 ካሴት አመጣ። ከ11 እስከ 32። ገባ፤ ምክንያቱም የኮርሱም የማውንቴኑም ባለ 8 ካሴት የሚቀመጥበት አካል አንድ ነው። ማርሽ ቀያሪው ረጅም ክንድ ያለው ዓይነት ስለነበር 32ቱን ተቀበለ። አሮጌው ካቴና ግን አጠረ። ከፊት ትልቁ፣ ከኋላም ትልቁ ላይ ሲሆን የሚወጠር ካቴና ማርሽ ቀያሪውን ነቅሎ ይጥላል። ስለዚህ መካኒኩ አዲሱን ካቴና በሁለቱ ትልልቅ ጥርሶች ላይ አዙሮ ለካና ትርፍ ትቶ ቆረጠ። እሱም የማውንቴን ካቴና ነው። ባለ 6፣ ባለ 7 እና ባለ 8 ብስክሌቶች አንድ ካቴና ይጋራሉ፤ ውጫዊ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ባለ 9 ወደ 6.6 ይወርዳል፣ ባለ 11 ደግሞ 5.5 አካባቢ ነው። ያን የቀጠነውን በከተማችን ሱቅ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው። ባለ 8 ግን ከጎማና ከካላማዳሪያ ጎን ተሰቅሎ ታገኘዋለህ።

ከዚያች ቀን በኋላ እኔም ኮሶዬን ወጣሁ። በዝግታ፣ እያለከለክኩ፣ ግን ተቀምጬ። ተወዳዳሪው ልጅ ደግሞ ቅሬታው ጨመረ፤ ክፍተቱ የሰፋው በዚህ ካሴት ነውና። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ለእኔ የተሰጠኝ ከሱ ላይ ተቆርጦ ነው።

ሚኒባሱ

ከጥምቀት በኋላ መምህሩ ባሕር ዳር ወስዶ ሜዳ ላይ ሊነዳት ፈለገ። ባሕር ዳር ብስክሌት የሚያምርባት ከተማ ናት፤ አያቱም የልጅ ልጁም በብስክሌት ነው የሚሄደው። ደስ ብሎት ከረመ። የተበላሸው ሲመለስ ነው። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በቀኝ ጎኗ፣ ማለትም በማርሽ ቀያሪው በኩል ተጋደመች። ከላይ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ተጫነባት። ወደ 180 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲሁ መጣች።

በማግስቱ ጠዋት ከቤት ወጣ። ሜዳው ላይ ደህና ነበረች፤ ትንሽ ብቻ ተንኮሻኮሸች። ዳገቱ ሲጀምር ወደ ትልቁ ጥርስ ቀየረ። ቀጭ! ማርሽ ቀያሪው በጎማው ሽቦዎች መሃል ገባና ተጠቀለለ። ክንዱ ተሰበረ፣ ሁለት ሽቦ ተቆረጠ። ደግነቱ ዳገት ላይ ስለነበር ፍጥነት አልነበረውም። ብስክሌቷን ተሸክሞ ተመለሰ።

ፒያሳ ቡና ላይ ስንገናኝ ተወዳዳሪው "ርካሽ ነው ብዬ ነበር" አለ። ጋሼ "ውስብስብ ነው ብዬ ነበር" አሉ። መምህሩ ዝም። እኔም በልቤ ለርካሹ ፈርጄ ነበር።

መካኒኩ ግን ዕቃውን አላየም። ከኋላ ሄዶ ቁጭ አለና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበትን ትንሽ ብረት፣ ጆሮውን አየ። "ይሄ ታጥፏል" አለ። "ከመሰበሩ በፊት ነው የታጠፈው። ምን ላይ ጭናችኋት ነበር?" ማንም አልመለሰም። ሽንኩርቱ ትዝ አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆሮው ለስላሳ የተደረገው ቴላዮው እንዳይጎዳ እሱ አስቀድሞ እንዲታጠፍ ነው። ወደ ውስጥ ትንሽ ሲታጠፍ ማርሽ ቀያሪው በሙሉ ወደ ጎማው ይጠጋል። በትንንሾቹ ጥርሶች ላይ አይታወቅም። ትልቁ ላይ ስትደርስ ግን ለሽቦዎቹ አሳልፎ ይሰጥሃል። ዱራ ኤስም ቢሆን በታጠፈ ጆሮ ላይ ያው ነበር የሚሆነው። ያን ጠዋት የተሰማው መንኮሻኮሽ ማስጠንቀቂያው ነበር፤ ሰሚ አጣ እንጂ።

አሁን ሁለት ችግር ገጠመን። አንደኛው ጆሮው ነው፤ ቅርጹ ከቴላዮ ቴላዮ ስለሚለያይ ከሱቅ አይገዛም። መካኒኩ የሌላ ብስክሌት የኋላ ጎማ አነሳና የጎማውን አክስል ጫፍ ጆሮው ቀዳዳ ውስጥ አሰረው። የብሎን ጥርሱ ልክ ገባ፤ ሁለቱም 10 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ጥርስ ናቸው። ከዚያ ጎማውን እንደ ረጅም እጀታ ይዞ፣ ከብስክሌቷ ጎማ ጋር ትይዩ እስኪሆን ቀስ እያለ መለሰው። ትንፋሻችንን ይዘን አየን። አልሙኒየም ነው፣ ሊቆረጥ ይችል ነበር። "አንዴ ነው፣ ሁለተኛ አይሠራም" አለና አዲስ እንድናዝዝ ነገረን።

ሁለተኛው ማርሽ ቀያሪው ነው። ጎንደር ውስጥ ክላሪስ ማርሽ ቀያሪ አላገኘንም። አጎትየው እስኪልክ ወራት ነው። መካኒኩ ከቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ አልተስ የተባለ፣ አቧራ የጠጣ የሺማኖ የማውንቴን ማርሽ ቀያሪ አወጣ። መምህሩ ሊስቅ ነበር። "ይሄ የኮርስ እጀታ ነው እኮ፣ እንዴት ይግባባሉ?" ተግባቡ። የሺማኖ ባለ 7፣ ባለ 8 እና ባለ 9 ዕቃዎች፣ ኮርስም ሆኑ ማውንቴን፣ እጀታው አንዴ ቀጭ ሲል ካቦው የሚጎተተውና የኋላው ቀያሪ የሚንቀሳቀሰው መጠን ይስማማል። በባለ 10 ቲያግራ 4700 እና በባለ 11 የኮርስ ዕቃዎች ላይ ግን ይሄ ተቀይሯል። ይቺ ብስክሌት ባለ 11 የሆነውን 105 ብትይዝ ኖሮ ያን የቆርቆሮ ሳጥን እያየን ነበር የምንመለሰው። ሁለቱ የማስቆሚያ ብሎኖች በካቻቪቴ ተስተካከሉ፣ ካቦው ተወጠረ። ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጣች።

ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩዋት። "አህያ ላይ የፈረስ ኮርቻ" አሉ። ግን እየሳቁ ነው።

ክረምቱ

ክረምት ላይ ብዙ የሚነገር የለም፤ ጭቃው ካቴናውን በላው። መጀመሪያ ላይ መምህሩ የመኪና ዘይት ይቀባት ነበር። ወፍራም ዘይት አቧራውን ይሰበስብና እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጫል። በላምባ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ ጠብ ማድረግና የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ዘይቱ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መደገም አለበት። ማለቁን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል፤ 12 ሙሉ ዘለበት አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ሲጠጋ ጣለው፤ ከዚያ በላይ ካቴናው ካሴቱንም ይዞ ይሄዳል።

አንድ ቀን ማርሹ አልታዘዝ አለ። እጀታው ውስጥ የካቦው ክሮች መበጠስ ጀምረው ነበር። ለማርሹ የማውንቴን ካቦ ገባ፣ ጫፉ አንድ ነው። ለፍሬን ግን አይሆንም። የኮርስ ፍሬን ካቦ ጫፉ እንደ ዕንቁ ፍሬ ነው፣ የማውንቴኑ እንደ በርሜል። ይህን የጻፍኩት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስታገኙ ሁለት እንድታስመጡ ነው።

ከዓመት በኋላ

እንግዲህ የእኔን ፍርድ ልናገር። ጎንደር ሆኖ የኮርስ ብስክሌት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የኋላውን ትልቅ ጥርስ ይቁጠር፣ ከዚያ ፍሬኑን ይጭመቅ፣ ስሙን በመጨረሻ ያንብብ። 28 ከሆነ ለመቀየሪያ ገንዘብ ይያዝ። ክላሪስን ያተረፈው እኛ ያፈርንበት ነገር ነው፤ ከሰፈሩ ማውንቴን ጋር መዛመዱ። ዋጋ አልጽፍም። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ የጻፍኩት ቁጥር እስክታነቡት ይለወጣል። ለውድድር ለሚዘጋጅ ልጅ ግን ክላሪስ ግዛ አልለውም፤ ያ ከ15 ወደ 18 ያለው ክፍተት እውነት ነው።

ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2025 ለኮርስ መሪ የሚሆን ኪዩስ የተባለ አዲስ ቤተሰብ አውጥቶ የታችኞቹን ደረጃዎች በእሱ ለመተካት ተነሥቷል። ኪዩስ ከድሮው ጋር አይዛመድም። የመካኒኩ ቆርቆሮ ሳጥን ግን በቅርቡ ባዶ የሚሆን አይመስለኝም።

መስከረም ላይ የአጎትየው ጥቅል ደረሰ። ሁለት ጆሮና አንድ አዲስ ክላሪስ ማርሽ ቀያሪ። አንዱ ጆሮ ተገጠመ፣ ሌላው በኮርቻው ስር ባለች ቦርሳ ገባ። ማርሽ ቀያሪውን ግን መምህሩ አልገጠመውም። "አልተሱ ምን አደረገኝ?" አለ። በዚያው ሰሞን የተወዳዳሪው ልጅ የሶራ ማርሽ ቀያሪ ስፕሪንግ ደከመ። ባለ 9 ነው፤ ይዛመዳል። ክላሪሱን ከነካርቶኑ ወሰደው። ትናንት ጠዋት በአዘዞ መንገድ አልፎኝ ሲሄድ አየሁት። ጽሑፉ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎበታል።